ለሥርዓተ ምግብ ትምህርት የሚላከው ባለሙያ ለየትኛው ጽሕፈት ቤት ይመለሳል?

በአማራ ክልል ትርፍ አምራች እየተባሉ በሚጠሩ ወረዳዎች ጎተራው ሞልቶ ሕፃኑ መቀንጨሩ አዲስ ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአገሪቱ ሕፃናት 38 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቁመት እንደሌላቸው ሲያሳይ፣ በክልሉ ግን አሃዙ 46 በመቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ተከታይ ጥናት የአገሪቱ 37፣ የክልሉ 41 በመቶ ሆኖ ተመዘገበ። መሻሻሉ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ጤፍና በቆሎ ጭኖ ወደ መሐል አገር የሚልክ ክልል ከአሥር ሕፃናቱ አራቱ ቀንጭረው ሲገኙ፣ «የእህል እጥረት» የሚለው ቃል ብቻውን ነገሩን አይገልጸውም።

የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን የጤና ሥራ ነው ይላል። የጤና ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ምግብ የሚመጣው ከማሳ ነው ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሕፃኑ ግን በሁለቱ መካከል ሆኖ ሁለት ዓመት ይሞላዋል፤ ከዚያ በኋላ ያመለጠውን ቁመት መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ልደቱ ያሉት 1000 ቀናት በባለሙያዎች ዘንድ ደጋግመው የሚነሡት ለዚህ ነው።

በእነዚህ ሁለት ጽሕፈት ቤቶች መካከል ሊቆም የሚችል አንድ ሰው አለ። በሥርዓተ ምግብ ሁለተኛ ዲግሪ የተማረ የጤና ባለሙያ ነው። ወረዳዎች እንዲህ ዓይነት ባለሙያ የላቸውም ማለት አይቻልም፤ የላኳቸው አሉ። የላኩትን ሰው ምን እንዲያጠና እንደፈለጉና ተመልሶ የት እንደሚቀመጥ ግን ብዙውን ጊዜ አላሰቡበትም። ገንዘቡም፣ ዲግሪውም፣ ሰውየውም የሚጠፉት እዚህ ላይ ነው።

የጤና ባለሙያው ይህን ትምህርት ለምን እንደሚመርጥ ማወቅ ለአመራሩ ይጠቅማል። በጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን ሲመጣላት ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። መመሪያው ግልጽ ነው፤ ፕላምፒነቱም በካርቶን ይመጣል። ሕፃኑ በሳምንታት ውስጥ ክብደት ይጨምራል፣ ይመዘናል፣ ስሙ ከመዝገብ ይወጣል። ከወራት በኋላ ያው ሕፃን፣ ካልሆነም ታናሹ፣ ተመልሶ ይመጣል። መድኃኒቱ ሠርቷል፤ የተመለሰው ግን ወደዚያው ድስት ነው። ድስቱ ውስጥ ያለውን ለመለወጥ ከሐኪም ቤት ግቢ መውጣት ያስፈልጋል። ብዙ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የሥርዓተ ምግብ ትምህርት ክፍሎችን በር የሚያንኳኩት ይህን ካዩ በኋላ ነው። ለደረጃ ዕድገት ብሎ የሚያመለክትም አለ፤ ያም ነውር አይደለም።

ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይወስዳል። በጎንደርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል፤ ከክልሉ ውጭ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ፣ ጅማና ሐረማያ አሉ። አመልካቹ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። በመጀመሪያው ዓመት ንጥረ ነገሮች በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚመጡና እንደሚሠሩ፣ ስታቲስቲክስ፣ የበሽታና የምግብ ግንኙነት የሚጠናበት ዘዴ፣ የአመጋገብ ልኬት፣ የምግብ ይዘት ትንተና ይማራል። ሁለተኛው ዓመት በአብዛኛው የመመረቂያ ጥናት ነው። አገሪቱ ለዚህ ዘርፍ እንግዳ አይደለችም፤ በ1950ዎቹ በስዊድን ትብብር የተጀመረው የሕፃናት ሥርዓተ ምግብ ክፍል በኋላ ኢንስቲትዩት ሆኖ የአገሪቱን ምግቦች ይዘት በሠንጠረዥ አስቀምጧል፤ ብዙ እናቶች የሚያውቁት ፋፋ ከዚያው የወጣ ነው።

ይህ ሁሉ በግብርና ገጽ ላይ ለምን ይነሣል የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። መልሱ ከአውድማ ይጀምራል።

ጤፍ በብረት ማዕድን የበለጸገ ነው ሲባል ያልሰማ የለም። ላቦራቶሪም ከፍተኛ መጠን ያሳያል። ነገር ግን ከዚያ ብረት ጥቂት የማይባለው እህሉ በበሬ ሲበራይ ከአውድማው አፈር የገባ ነው፤ የአፈር ብረትን ደግሞ ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም። በእህሉ ውስጥ ያለውንም ቢሆን ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። እርሾ ገብቶበት በደንብ የቦካ ሊጥ ፋይቴቱን ይቀንሳል፤ ሳይቦካ በጥድፊያ የተጋገረ ቂጣ ግን እንዳለ ይተወዋል። ምግብ እንደተበላ የሚጠጣ ቡና ብረቱን ሲያግድ፣ ከምግቡ ጋር የሚበላ ቃሪያ ወይም ሎሚ ደግሞ እንዲወሰድ ያግዛል። እንግዲህ የግብርና ባለሙያው የጤፉን ምርት በኩንታል ይለካል፤ ነርሷ የነፍሰ ጡሯን ደም ማነስ በመርፌ ጠብታ ታያለች። አውድማው፣ ቡሆው፣ ስኒውና ደሟ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ግን ከሁለቱ አንዳቸውም የማየት ኃላፊነት አልተሰጣቸውም።

ጓያን ይውሰዱ። በፎገራና በደንቢያ ሜዳዎች ሩዝ ወይም ሌላ ሰብል ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ ድርቅንም ውኃንም የሚችል፣ ብዙ እንክብካቤ የማይጠይቅ ሰብል ነው። አርሶ አደሩ ሞኝ ሆኖ አይደለም የሚዘራው፤ ሌላው ሁሉ ሲከዳው የማይከዳው እሱ ስለሆነ ነው። ችግሩ የሚመጣው በክፉ ዓመት ጓያ ለሁለትና ሦስት ወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር እግርን ያሽመደምዳል፤ የሽመድመዳው ጉዳት አይመለስም፤ ብዙ ጊዜ የሚመታውም የጉልበት ሥራ የሚሠራውን ወጣት ወንድ ነው። ቤተሰቡ በአንድ ጊዜ አራሹን አጥቶ ተጧሪ ያገኛል። መርዙ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መጠኑን ይቀንሳል፤ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መብላትም አደጋውን ያቀላል። መርዙ አነስተኛ የሆነ ዋሴ የተባለ ዝርያም በአገሪቱ ተለቋል። ጓያ አትዝሩ ብሎ መከልከል ግን ከዚህ በፊት አልሠራም፤ ረሃብ ባለበት ቤት አይሠራምም። በየትኛው ቀበሌ፣ በየትኛው ወር፣ ከሚበላው ውስጥ ምን ያህሉ ጓያ እንደሆነ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። ያ ልኬት ሲታወቅ የእርዳታ እህል በጊዜው የት መድረስ እንዳለበት ይታወቃል፤ የዘር አቅርቦቱም በግምት አይሆንም። የአመጋገብ ልኬት ማለት ይህ ነው፤ በሁለት ቀን ሥልጠና የሚያዝ ሙያ አይደለም።

ሦስተኛው ነገር ዓይን የማያየው ነው። በቆሎ ሳይደርቅ ጎተራ ሲገባ፣ ማሽላ በጉድጓድ ተከትቶ እርጥበት ሲያገኘው፣ ለውዝ በዝናብ ሲመታ ሻጋታ ይይዘዋል። አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በጉበት ካንሰር የታወቀ ነው፤ ከሕፃናት መቀንጨር ጋር ያለው ዝምድናም በተለያዩ አገሮች እየተጠና ነው። በተራ መቀቀልና መጋገር አይጠፋም። ብዙ ቤት የሻገተውን በቆሎ ለሰው አይሆንም ብሎ ለከብት ይሰጣል። ፋጉሎም እንደዚሁ፤ ለወተት ላም የሚሰጥ የኑግ ፋጉሎ በዚህ መርዝ ሊበከል እንደሚችል በአገሪቱ ታይቷል፤ ላሟ የበላችው መርዝ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል። ወተቱን የሚጠጣው ደግሞ ሕፃኑ ነው። የእንስሳት ሀብት ባለሙያው የወተት መጠን ጨመረ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል፤ የጤና ባለሙያዋ ለሕፃኑ ወተት ስጡት ብላ ትመክራለች። ሁለቱም ሥራቸውን በሚገባ ሠርተዋል። ይሁንና መኖው ምን እንደያዘ የጠየቀ የለም።

የእንቁላል ነገር ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በኢኳዶር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ዕድሜ ላይ ላሉ ሕፃናት ለስድስት ወራት በየቀኑ አንድ እንቁላል ቢሰጣቸው መቀንጨር በ47 በመቶ መቀነሱን አሳየ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰማ፤ የዶሮ ፕሮጀክት ለሚጽፍ ሁሉ ጥሩ ጥቅስ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ በማላዊ ተመሳሳይ ሙከራ ሲደረግ በቁመት ላይ ልዩነት አልታየም። የማላዊ ልጆች ከመጀመሪያውም ዓሣ ያገኙ ነበር፤ የቀነጨሩትም ጥቂት ነበሩ። ታዲያ የእኛ ወረዳ የሚመስለው ኢኳዶርን ነው ወይስ ማላዊን? የጣና ዳር ቀበሌና የደጋው ቀበሌስ መልሳቸው አንድ ነው? አርሶ አደሯ እንቁላሉን ገበያ ወስዳ ዘይትና ጨው ስትገዛበት፣ ገቢው ለልጇ ከእንቁላሉ የተሻለ ነገር ያመጣል ወይስ አያመጣም? ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ በዚህ መልክ መጠየቅ የሚችል ሰው ካልኖረ፣ ወረዳው በመጨረሻ የሰማውን ጥናት ይዞ ጫጩት ያከፋፍላል።

ጾምንም ሳያነሡ ስለ ክልሉ አመጋገብ መናገር አይቻልም። ሕፃናት እንዲጾሙ የሚያዝ ሥርዓት የለም። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት በጾም ቀን ለልጅ ተብሎ እንቁላል አይጠበስም፤ ዕቃው ይነካካል፣ ድስቱ ይቀላቀላል በሚል ስጋት። ወተትም ለሕፃኑ ከመስጠት ይልቅ ለቅቤ ይጠራቀማል። ይህን የሚፈታው በቢሮ የተጻፈ ፖስተር አይደለም፤ ለልጁ የተለየች ትንሽ ድስት ማዘጋጀትና የንስሐ አባት አንድ ቃል መናገራቸው ነው። የአካባቢውን ሰው ቋንቋና እምነት የሚያውቅ፣ በዚያው ጤና ጣቢያ ለዓመታት የሠራ ባለሙያ ከሩቅ ከሚመጣ አማካሪ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ዲግሪው የሚጠቅመውም እንዲህ ያለውን ዕውቀት ቀድሞ ለያዘ ሰው ሲሰጥ ነው።

በተግባር የሚታየው ግን ከዚህ ይርቃል።

መጀመሪያ ምርጫው ነው። የትምህርት ዕድል በብዙ ቦታ የሚሰጠው በአገልግሎት ዘመንና በተራ ነው። ፍትሐዊነቱ አያከራክርም። ግን የሚጠየቀው «ተራው የማን ነው?» ብቻ ይሆንና «ወረዳው ምን ማወቅ ይፈልጋል?» የሚለው ሳይነሣ ደብዳቤው ይፈረማል። ተማሪው የጥናት ርዕስ ሲመርጥ የሚያማክረው የለም፤ ገንዘብም የለውም። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲው በታክሲ የሚደረስበትን ከተማ ይመርጣል፤ የአንድን ችግር ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶቹን በመጠይቅ ያጠናል። ርዕሱ ካለፈው ዓመት ተመራቂ ርዕስ የሚለየው በከተማው ስም ይሆናል። ግኝቱም ይታወቃል፤ የእናት ትምህርት ዝቅተኛ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ድኻ ከሆነ፣ መጸዳጃ ቤት ከሌለ ልጁ የመቀንጨር ዕድሉ ይጨምራል። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት አያስፈልግም ነበር።

ወቅቱም የራሱ ችግር አለው። የዩኒቨርሲቲ ካሌንደር መረጃ መሰብሰቢያውን ብዙ ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያደርገዋል። በየካቲት ጎተራው ገና አልጎደለም፤ ሽምብራውም ባቄላውም አለ። በዚያው ቤት በነሐሴ ቢገባ የሚገኘው ሌላ ነው። ልጅ የሚከሳው እናት ለአረም ከንጋት እስከ ምሽት ማሳ በምትውልበት ጊዜ ነው፤ በዚያው ጊዜ ወባና ተቅማጥም ይበረታሉ። በየካቲት መጠይቅ የነሐሴን ረሃብ ማየት አይቻልም። አርሶ አደር ይህን ያውቃል፤ ጥናቱ ግን አያውቅም።

ከዚያ ጥናቱ ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛ። አንድ ቅጂ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ደመወዙን ሲከፍል የቆየው ወረዳ አንድ ገጽ እንኳ አይደርሰውም፤ መጠይቁን ቁጭ ብላ የመለሰችው እናት ደግሞ ልጇ ተለክቶ ምን እንደተገኘ አይነገራትም።

የመጨረሻው መመለሻ ነው። ባለሙያዋ ዲግሪዋን ይዛ ስትመለስ የሚጠብቃት ወይ የቀድሞው የተመላላሽ ክፍል ነው፣ ወይ የሥርዓተ ምግብ ፎካል ፐርሰን የሚባል ወንበር። ፎካል ፐርሰን ማለት በብዙ ቦታ የቫይታሚን ኤ እደላ፣ የፀረ ትላትልና የልየታ ቁጥር ሰብስቦ በወር አንዴ ወደ ዞን የሚልክ ሰው ነው። ለዚህ ሥራ ማስተርስ አያስፈልግም። የተማረችውን የማትሠራበት ቦታ ላይ ስትቀመጥ፣ የውል ግዴታዋን ጨርሳ በከተማ ያለ ድርጅት የተሻለ ደመወዝ ሲያቀርብላት ትሄዳለች። «ወረዳውን ከዳች» ይባላል። ወረዳው ግን ቀድሞውኑ ሥራ አልሰጣትም ነበር።

በአንጻሩ አንዳንድ አመራሮች የሚያነሡት ክርክር ቀላል አይደለም። ጤና ጣቢያው ነርስ ጎድሎታል፤ ያለችውንም ለሁለት ዓመት መልቀቅ የወላድ እናት አልጋ ያለ ባለሙያ መተው ነው ይላሉ። አጫጭር ሥልጠናዎች አሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ክንድ ይለካሉ፣ ገንፎ ማበልጸግ ያሳያሉ፤ ሌላ ምን ያስፈልጋል ይላሉ። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውም በግማሽ እውነት ነው፤ ክንድ ለመለካት፣ ጡት ማጥባትን ለመምከር፣ ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ እንዲጀመር ለማስተማር የአንድ ሳምንት ሥልጠና ይበቃል፤ ያንን ሥራ በክልሉ ተሸክመው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ይሁንና በ2008ቱ ጥናት ከስድስት እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው የአገሪቱ ሕፃናት ተቀባይነት ያለውን ዝቅተኛ አመጋገብ ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ ምክር እየተሰጠ ቁጥሩ እንዲህ ከሆነ፣ ምክሩ የት ላይ እንደሚሰበር የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። እናቲቱ አልሰማች ይሆን? ሰምታ ጓሮዋ ባዶ ይሆን? ጓሮዋ ሞልቶ ውሳኔው የባሏ ይሆን? ለእያንዳንዱ መልስ የሚሠራው ሥራ የተለያየ ነው፤ ሁለተኛው በቀጥታ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ስለዚህ አሥር ሰው መላክ አያስፈልግም። ለአንድ ወረዳ አንድ በሚገባ የተመረጠ ሰው ይበቃል። የሚላከውም የግድ ከጤና ብቻ አይደለም፤ የግብርና ወይም የምግብ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለውን ባለሙያ የሚቀበል ትምህርት ክፍልም አለ። የወረዳ አመራር በትምህርት ፈቃድ ደብዳቤው ላይ ከመፈረሙ በፊት የጤና፣ የግብርና እና የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ለግማሽ ቀን አብረው ቢቀመጡና ከተማሪዋ ጋር አንድ ጥያቄ ቢጽፉ ወጪው ሻይ ብቻ ነው። «በእኛ ቆላ ቀበሌዎች በነሐሴ ከሕፃናት ምግብ ውስጥ ጥራጥሬ ስንት ቀን ይገኛል?» ሊሆን ይችላል። «በመስኖ አትክልት የሚያመርቱ አባወራዎች ልጆች ከማያመርቱት የተሻለ አትክልት ይበላሉ ወይስ ሁሉም ወደ ገበያ ይሄዳል?» ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ሊፈተሽ የሚገባው ነው፤ የመስኖ ስኬት ሲነገር የሚቆጠረው ሔክታርና ብር ስለሆነ ሽንኩርት አምራቹ ቤት ልጆች ምን እንደሚበሉ የሚጠይቅ አይገኝም።

ጥያቄው የወረዳው ከሆነ ወረዳው ሊያግዝ ይገባዋል። ገንዘብ ባይኖር መረጃ ሰብሳቢ አለ፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቀበሌው አሉ። ወደ መስክ የሚወጣ መኪና ላይ አንድ ወንበር አይጠፋም። ክረምት ላይ መረጃ ለመሰብሰብ ዩኒቨርሲቲው እንዲፈቅድ የድጋፍ ደብዳቤ መጻፍ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የጥናት አማካሪዎችም ከመስክ የመጣ እውነተኛ ጥያቄ ሲያገኙ አይጠሉም።

ለመመለሻውም ቦታ ይዘጋጅ። ዓመታዊ የግብርና ዕቅድ ሲወጣ፣ የዘር ፍላጎት ሲሰበሰብ፣ የጓሮ አትክልትና የዶሮ ሥርጭት ሲደለደል ባለሙያዋ በስብሰባው ላይ እንግዳ ሳትሆን አባል ትሁን። መዋቅር አይፈቅድም የሚል መልስ ይሰማ ይሆናል። መዋቅሩን በጀት የሚያስተካክል አካል ያየዋል፤ እስከዚያው ግን በሳምንት ሁለት ቀን በግብርና ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ እንዲኖራት ማድረግ በሁለት ኃላፊዎች ስምምነት የሚያልቅ ነገር ነው። አገሪቱ ይህን በወረቀት ከተስማማች ቆይታለች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት መቀንጨርን ለማስቆም ሲነሣ ግብርናን፣ ጤናን፣ ውኃንና ትምህርትን በአንድ አስሯል፤ የመጀመሪያ ምዕራፉም የተጀመረው በዚሁ ክልልና በትግራይ በተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ነው። በ2011 ዓ.ም. የጸደቀው የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲም ይህንኑ ይላል። የጎደለው በወረዳ ደረጃ ሁለቱን ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው።

አርሶ አደሩም ተመልካች ብቻ አይደለም። ባለሙያ ቤቱ ገብቶ ልጁን ሲለካ፣ ጎተራውን ሲያይ፣ ትናንት ምን በላችሁ ብሎ ሲጠይቅ ጊዜውን ሰጥቷል። ውጤቱን መጠየቅ መብቱ ነው። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ያን ጊዜ የለካችሁት ምን ሆነ?» ብሎ የሚነሣ አንድ አርሶ አደር ወይም አንዲት አርሶ አደር ቢገኙ፣ ከላይ ከሚመጣ መመሪያ ይልቅ ቶሎ መልስ ያስገኛሉ። በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከላት የሚታየው ሠርቶ ማሳያ ማሳም ወደ ምጣድና ድስት ቢቀጥል ክፉ አይደለም፤ አዲስ የባቄላ ዝርያ ሲተዋወቅ ምርቱ ብቻ ሳይሆን በቅሎና ተፈጭቶ ለሕፃን ገንፎ እንዴት እንደሚገባ አብሮ ይታይ። ባሎችም ይጠሩ፤ እንቁላሉ ይሸጥ ወይም ይበላ የሚለው ውሳኔ በብዙ ቤት የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው።

የወረዳ በጀትና ዕቅድ የሚዘጋጅበት ወቅትና የዩኒቨርሲቲዎች የድኅረ ምረቃ ምዝገባ የሚቃረቡት በክረምቱ ወራት ነው። በእነዚህ ሳምንታት የትምህርት ፈቃድ ማመልከቻዎች በየኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አሉ። በሥርዓተ ምግብ ለመማር ያመለከተ ባለሙያ ካለ ማመልከቻውን ለግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ማሳየት ዛሬ ሊጀመር ይችላል። በውሉ ላይም ከአገልግሎት ዓመቱ በተጨማሪ ሁለት መስመር ይግባ። አንደኛው ጥናቱ በዚሁ ወረዳ ቀበሌዎች እንዲደረግ፤ ሁለተኛው ሲጠናቀቅ በአማርኛ የተጻፈ የጥቂት ገጽ ማጠቃለያ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ፣ ለግብርና ጽሕፈት ቤቱና ጥናቱ ለተካሄደባቸው ቀበሌዎች የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲሰጥ።